መብራቱ በርቷል፣ ውሃው ግን ቀዝቃዛ ነው

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ የቤት ዕቃ ነው፤ በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስለሚኖረውና እስኪበላሽ ድረስ ቀና ብለን ስለማናየው የውሃ ማሞቂያ። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙዎቻችን “ቦይለር” እንለዋለን። በዚህ ክረምት በቤታችን ያለው ሥራ አቆመና ውስጡን ከፍተን የማየት ዕድል አገኘን። ያየነውን ልናካፍላችሁ የወደድነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በቤታችሁ ይጠቅማችኋል። ሁለተኛ፣ ስለ ልባችንም የሚነግረን ነገር አለው።

ቅዝቃዜውን ቀድሞ የሚያውቀው ማን ነው?

በቤታችን ዕድሜያቸው ሰማንያን ያለፈ እናት አሉ። ሁላችንም እማማ ብለን ነው የምንጠራቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በተለይ በሐምሌ ብርድ ጠዋት ጠዋት በሙቅ ውሃ ካልታጠቡ ቀኑን ሙሉ መገጣጠሚያቸው ይያያዛል። ማሞቂያው መሥራት ባቆመበት ሰሞን ልጆቹ “ቀድሞ የታጠበው ሰው ጨርሶት ነው” እየተባባሉ ያልፉት ነበር። ጤነኛና ወጣት ሰው አንድ ቀን በቀዝቃዛ ውሃ ቢታጠብ ተንቀጥቅጦ ይረሳዋል።

እማማ ግን አራት ቀን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበው ዝም ብለዋል። በአምስተኛው ቀን ከአልጋቸው መነሳት ሲያቅታቸው ነው ነገሩ የወጣው። ለምን እንዳልነገሩን ስንጠይቃቸው፣ “እናንተ ደክማችሁ ነው የምትገቡት፤ ለእኔ ብላችሁ ደግሞ ምን ትሆናላችሁ? ደግሞም ቀዩ መብራት በርቷል፤ ይሞቃል ብዬ ጠበቅሁ” አሉን።

ይህ ንግግራቸው በልባችን ቀረ። በአንድ ቤት ውስጥ ሙቀት ሲጠፋ ቀድሞ የሚጎዳው ደካማው ነው፤ ቀድሞ የማይናገረውም እርሱ ነው። በቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ነው። ፍቅር የቀዘቀዘ ዕለት ብርቱዎቹ እንደምንም ይሰነብታሉ። አዲስ የመጣው፣ ያዘነው፣ የታመመው፣ ሥራ ያጣው ግን መብራቱ በርቷልና ይሞቃል ብሎ በትዕግሥት ይጠብቃል። ከዚያ አንድ ቀን ከቦታው እናጣዋለን።

ኃይሉም አለ፣ ውሃውም አለ

የማሞቂያ ነገር የሚገርመው ከውጭ ሲያዩት ምንም የጎደለው አለመምሰሉ ነው። ጋኑ ሙሉ ነው። ቧንቧው ሲከፈት ውሃ ይወርዳል። ኤሌክትሪኩ እስከ ደጁ ድረስ መጥቷል። ቀዩ መብራት ይበራል። እንዲያውም ውስጡ የተቃጠለ ማሞቂያ መብራቱ ከጤነኛው የበለጠ ረጅም ሰዓት ሊበራ ይችላል። ጤነኛው ውሃው ሲሞቅለት ቴርሞስታቱ ኃይሉን ይቆርጠውና መብራቱ ይጠፋል፤ የተበላሸው ግን ውሃው መቼም ስለማይሞቅ ሌሊቱንም ቀኑንም እንደበራ ይውላል ያድራል።

በቤተ ክርስቲያናችን የሚያገለግል፣ በኤሌክትሪክ ሙያ የሠለጠነ ወጣት ወንድም ሊረዳን መጣ። ማሞቂያውን ሳይነካ በፊት በቀጥታ ወደ ቆጣሪው ሄደ። ሌላው ዕቃ ሁሉ እንዲጠፋ አድርጎ የማሞቂያውን ብሬከር ብቻ አበራና የቆጣሪውን ትንሽ ብልጭታ ተመለከተ። “ፓስተር፣ ይዩት፤ ኃይል እየወሰደ አይደለም። ይህ ማሞቂያ እየሠራ ቢሆን ኖሮ ብልጭታው ይፈጥን ነበር” አለን። ባለ 1500 ዋት ማሞቂያ በ220 ቮልት ሲሠራ ወደ 7 አምፒር የሚጠጋ ይስባል፤ ይህ በቆጣሪ ላይ የማይደበቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ውሃው አልጎደለም፤ ኃይሉም አልተቋረጠም። ችግሩ የነበረው በሁለቱ መካከል፣ ኃይሉን ተቀብሎ ለውሃው ሙቀት አድርጎ በሚያስተላልፈው ዕቃ ላይ ነው። ባለሙያዎቹ ሬዚስታንስ ይሉታል። ከውጭ ሲታይ የታጠፈ የብረት ቱቦ ነው። በቱቦው መካከል ቀጭን ጠምዛዛ ሽቦ ያልፋል፤ በሽቦውና በቱቦው መካከል ደግሞ ማግኒዥየም ኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ተጠቅጥቆ ተሞልቷል። ይህ ዱቄት ሙቀትን ያሳልፋል፤ ኤሌክትሪክን ግን አያሳልፍም። ውሃ ውስጥ ተነክሮ እያለ ሰውን ሳይጨብጥ የሚያሞቀው በዚህ ጥበብ ነው።

ድንጋዩ ከየት መጣ?

ጋኑ ተራግፎ ሬዚስታንሱ ሲወጣ ብረት አይመስልም ነበር። ዙሪያውን ነጭና ቡናማ ድንጋይ ለብሶ የእጅ አውራ ጣት አክሏል። ከጋኑ ግርጌም የተሰባበረ ቅርፊት በትንሽ ሳህን ተዝቆ ወጣ። ልጆቹ “ማነው ድንጋይ የጨመረበት?” ብለው ጠየቁ።

ማንም አልጨመረበትም። ድንጋዩ ከውሃው ጋር የመጣ ነው። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውሃ የዝናብና የወንዝ ውሃ ነው፤ ከአቃቂ በኩል ከጥልቅ ጉድጓድ የሚሳበው ግን በአለት መካከል ብዙ ዘመን ያለፈ በመሆኑ ካልሲየምና ማግኒዥየም አሟሙቶ ይመጣል። በብርጭቆ ቀድታችሁ ብታዩት ኩልል ያለ ነው፤ ቢጠጣም ጉዳት የለውም። ነገር ግን ሲሞቅ ጠባዩ ይለወጣል። ስኳር በሙቅ ውሃ ይበልጥ ይሟሟል፤ ይህ የኖራ ማዕድን ግን ተቃራኒ ነው፤ ውሃው በሞቀ ቁጥር ከውሃው እየተለየ በጣም በሚሞቀው ቦታ ላይ ይጋገራል። በጣም የሚሞቀው ቦታ ደግሞ ሬዚስታንሱ ራሱ ነው። በሻይ ማንቆርቆሪያችሁ ግርጌ የምታዩት ነጭ ነገርም የዚሁ ዘመድ ነው።

ጠብታ ድንጋይ ይበሳል ይባላል። እዚህ ግን ጠብታው ድንጋዩን ሠራው። በአንድ ቀን የሚጋገረው በዓይን አይታይም። ማንም “ዛሬ ድንጋይ ለበሰ” ብሎ ቀኑን ሊጽፍ አይችልም።

ወገኖች ሆይ፣ ብዙዎቻችንን የሚያቀዘቅዘን ትልቅ ክህደት አይደለም። ንጹሕ ከሚመስለው ከዕለት ኑሯችን ጋር እየመጣ የሚጋገር ነገር ነው። ሳይነጋገሩበት ያለፉት ቅሬታ። ቶሎ ተቀብሮ ያልተለቀሰበት ሐዘን። መልስ አጥቶ ዝም የተባለ ጥያቄ። በጸሎት ፈንታ ስለ ጸሎት መናገር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ አንዱም ለብቻው ሲታይ አያስፈራም። ደግሞም አስተውሉ፤ ድንጋዩ የሚጋገረው ከሁሉ ይልቅ በሚሠራው ክፍል ላይ ነው። ብዙ የሚያገለግል ሰው ብዙ ሊጋገርበት ይችላል።

“ትንሽ ከፍ ብናደርገውስ?”

ወጣቱ ወንድም አንድ ነገር ነገረን። በሚጠራባቸው ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ቴርሞስታቱ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ነው። ውሃው ለብ ማለት ሲጀምር ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነውና። “እትዬ፣ ከፍ ሲያደርጉት ይብስበታል እንጂ አይሻለውም” አለ በቤታችን እመቤት ፊት ድንጋዩን በካቻቪቴ እየፈቀፈቀ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ድንጋዩ ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም፤ እንደ ብርድ ልብስ ነው። ጤነኛ ሬዚስታንስ ሙቀቱን ወዲያው ለውሃው እየሰጠ ራሱም ይቀዘቅዛል፤ መስጠቱ ነው የሚያኖረው። ድንጋይ የለበሰው ግን ሙቀቱን ማውጣት አይችልም። ሙቀቱ በውስጡ ይታፈናል፣ ሽቦው ከሚችለው በላይ ይግላል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል። በዚህ ላይ ቴርሞስታቱን ከፍ ስታደርጉ ውሃው ይበልጥ በሚሞቅበት መጠን ድንጋዩም ቶሎ ይጋገራል። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ወደ 60 ዲግሪ አካባቢ እንዲሆን የሚመክሩት፤ ከዚያ በጣም ዝቅ ካለ በሞቃት ውሃ የሚራቡ ተሕዋስያን ይመቻቸዋል፣ በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ድንጋዩ ይበዛል፣ ሰውም ይቃጠላል።

ይህን ስንሰማ እረኞች የሆንን ሰዎች ልናስብበት የሚገባ ነገር መጣልን። አንድ አገልጋይ “ልቤ ቀዝቅዟል” ብሎ ሲመጣ የተለመደው ምክር “ጸሎት ጨምር፣ ጾም ጨምር፣ አገልግሎት ጨምር” ነው። ጸሎትም ጾምም መልካም ናቸው፤ ማንም አያቃልላቸው። ነገር ግን ሰውየው የታፈነ ሐዘን ወይም ያልታረቀው ወንድም ካለው፣ የሚጨመርበት ነገር ሁሉ መውጫ ስለሌለው ውስጡን ያቃጥለዋል። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ተቀምጦ የሚሰማው ሰው ነው። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 6 ላይ በመሠዊያው ያለው እሳት እንዳይጠፋ የታዘዘው ካህን፣ እንጨት እንዲጨምር ብቻ አልታዘዘም፤ ጠዋት አመዱን እንዲያነሣም ታዟል። አመድ ማንሣት እሳትን የመጠበቅ ሥራ አካል ነው።

መክፈትና መተካት

አሁን ሥራው እንዴት እንደተሠራ እንንገራችሁ፤ ባለሙያ ስትጠሩ ምን መጠበቅ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው። ኤሌክትሪክና ውሃ በአንድ ላይ ያሉበት ሥራ ስለሆነ ሙያው የሌለው ሰው ለብቻው አይግባበት።

መጀመሪያ ብሬከሩ ጠፋ። መጥፋቱም ታምኖ አልተተወም፤ ሽፋኑ ሲከፈት በሽቦዎቹ ላይ ኃይል አለመኖሩ በቴስተር ተረጋገጠ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያስገባው ቫልቭ ተዘጋ፣ አየር እንዲገባ የሙቅ ውሃ ቧንቧው ተከፈተ፣ 50 ሊትሩ በጎማ ወደ ፍሳሹ ወረደ። ሽቦዎቹ ከመነቀላቸው በፊት እንደነበሩ በስልክ ፎቶ ተነሡ።

ቀጥሎ ምርመራው መጣ። ባለ 1500 ዋት ጤነኛ ሬዚስታንስ በ220 ቮልት ሲታሰብ 32 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። የእኛው ምንም አላሳየም፤ ሽቦው በውስጡ ተበጥሷል። “ይህ ቢታጠብም አይነሣም። ሽቦው ሳይበጠስ ድንጋይ ብቻ ቢለብስ ኖሮ አቼቶ ውስጥ ነክረን እናጸዳው ነበር” አለን ወንድማችን። እውነትም ከድንጋዩ ቁራጭ ጥቂት አቼቶ ውስጥ ሲገባ አረፋ እያወጣ ይሟሟ ጀመር።

ሁለቱን ጉዳዮች መለየት ትልቅ ነገር ነው። ድንጋይ የለበሰ ሁሉ የሞተ አይደለም፤ የተበጠሰውንም ማጠብ አያድነውም። አንዱ መጽዳት፣ ሌላው መተካት ያስፈልገዋል። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 36 የሚናገረው ሁለቱንም ነው፤ በንጹሕ ውሃ ስለ መንጻትም፣ የድንጋዩ ልብ ወጥቶ አዲስ ልብ ስለ መሰጠቱም። እኛ ግን ሳንመረምር ለሁሉም አንድ ፍርድ እንሰጣለን። ደክሞት የተኛውን “ጠፍቷል” እንለዋለን፤ ዳግመኛ መወለድ የሚያስፈልገውን ደግሞ በመጠኑ አጥበን ወደ መድረክ እናወጣዋለን።

በጋኑ ውስጥ ሌላም የተበላ ነገር ተገኘ፤ ከማግኒዥየም የተሠራ ቀጭን ዘንግ። ሥራው ስለ ጋኑ መበላት ነው። ዝገት የጋኑን ብረት እንዳይበላ ዘንጉ በፈንታው ይበላል፤ ሲያልቅም በሌላ ይተካል። ስብከት ለሚወድ ሰው ምሳሌው ቅርብ ነው፤ ልዩነቱን ግን አንርሳ። ዘንጉ በየጊዜው ይለወጣል። የዕብራውያን መልእክት የሚናገርለት መሥዋዕት ግን አንድ ጊዜ ቀርቦ የማይደገም ነው።

አዲሱ ሬዚስታንስ በዋትም በመግጠሚያውም ከአሮጌው ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ከመግባቱ በፊት ተለካ፤ 32 ኦም አሳየ። በሽቦውና በውጭው ብረት መካከል ግንኙነት አለመኖሩም ታየ፤ ግንኙነት ቢኖር ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃው ሊያልፍ ይችላል። የጎማ ማሸጊያውና ዘንጉም አዲስ ሆኑ። ቡሎኖቹ እንደ መኪና ጎማ በማቋረጥ እየተጠበቁ ሄዱ። የመሬት ሽቦው በደንብ ታሰረ።

ከዚህ በኋላ ከሁሉ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ጋኑ እስኪሞላ፣ በሙቅ ውሃው ቧንቧ አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ድረስ ብሬከሩ አይበራም። ውሃ በሌለበት የበራ ሬዚስታንስ ወዲያውኑ ይቃጠላል። በፈረቃ ውሃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ይህን አስቡ፤ በጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ባዶ በሆነበት ቀን ማሞቂያውን አጥፉት።

50 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ በ1500 ዋት አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በዚያ ምሽት ቀዩ መብራት በጊዜው ጠፋ፤ መጥፋቱም ደስ አሰኘን። በማግሥቱ እማማ በሙቅ ውሃ ታጥበው ወጡና መረቁን።

የሎዶቅያ ቧንቧ

በራእይ ምዕራፍ 3 ስለ ለብታ የተነገራት የሎዶቅያ ከተማ ፍርስራሽ ዛሬ በቱርክ አገር፣ ደኒዝሊ ከተባለች ከተማ አጠገብ ይገኛል። ከተማይቱ ባለጠጋ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ60 የመሬት መንቀጥቀጥ ሲያፈርሳት ያለ ሮማ መንግሥት እርዳታ በራሷ ሀብት እንደገና መቆሟን ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ መዝግቧል። የጎደላት ውሃ ነበር። ከደቡብ ካሉ ምንጮች በቧንቧ ታስመጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ114 የወጣ፣ ውሃውን ያለ አግባብ የሚጠቀሙትንና ቧንቧውን የሚጎዱትን በከባድ ገንዘብ የሚቀጣ ሕግ በእብነ በረድ ተቀርጾ በቁፋሮ ተገኝቷል። የድንጋይና የሸክላ ቧንቧዎቿም ተገኝተዋል። ውስጣቸው በወፍራም የኖራ ድንጋይ ተጋግሯል፤ ከማሞቂያችን ውስጥ የወጣው ዓይነት ነው።

ከሎዶቅያ በስተሰሜን፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ኢያራ በፍል ውሃዋ ትታወቅ ነበር፤ በስተ ምሥራቅ ያለችው ቆላስይስ በቀዝቃዛ ውሃዋ። ፍሉ ሕመምተኛን ያጽናናል፣ ቀዝቃዛው የተጠማን ያረካል፤ ለብ ያለው ለሁለቱም አይሆንም። ስለዚህ ብዙ ተርጓሚዎች ተግሣጹን ስለ ስሜት ሙቀት ብቻ ሳይሆን ስለ ጥቅም የተነገረ አድርገው ያነቡታል፤ ለማን ትጠቅማላችሁ? የሚል ጥያቄ ነው። በዚያ ክፍል “ትኩስ” ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል መፍላትን ከሚያመለክት ግስ የወጣ ነው። ጳውሎስ በሮሜ 12፥11 ስለ አማኞች መንፈስ፣ ሉቃስም በሐዋርያት ሥራ 18፥25 ስለ አጵሎስ ሲናገሩ የተጠቀሙት ይህንኑ ግስ ነው።

የሎዶቅያ አማኞች አንዳች እንደማይጎድላቸው ያስቡ ነበር። ጋኑ ሙሉ ነው፣ መብራቱም በርቷል። ጌታ ግን ተግሣጹን በቁጣ አልጨረሰም፤ የሚወዳቸውን እንደሚገሥጽ ተናግሮ በደጅ ቆሞ ያንኳኳል። የሚያንኳኳው ከፍቶ እንዲያይ ወደ ውስጥ መግባት ስለሚፈልግ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወንድማችን ሲሰናበተን፣ “በዓመት አንድ ጊዜ ይከፈት፤ ባይበላሽም ይከፈት” ብሎናል። ምክሩን ለቤታችን ተቀብለነዋል፤ ለቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ። ውሃ ሲሞቅ የሚንጫጫ ወይም የሚያጉረመርም ድምፅ ከሰማችሁ፣ ከወትሮው ዘግይቶ ከሞቀ፣ ቶሎ ካለቀ፣ እነዚህ ምልክቶች ናቸው። የልብም ምልክት አለው፤ በትንሹ ማጉረምረም፣ ለመዘመር መዘግየት፣ ትዕግሥት ቶሎ ማለቅ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እንድታደርጉ በፍቅር እንለምናችኋለን። በመካከላችሁ ካለው ደካማ ሰው አጠገብ ተቀምጣችሁ “እንዴት ሰነበትክ? ሙቀት አግኝተሃል?” ብላችሁ ጠይቁ፤ እስኪመልስ ድረስም ጠብቁ። በልባችሁ የተጋገረውን አንድ ነገር በስሙ ጠርታችሁ ለእግዚአብሔርና ለምታምኑት አንድ ወንድም ወይም እኅት ንገሩ። የደከመ አገልጋይ ካያችሁ ሌላ ሸክም አትጨምሩበት፤ አሳርፉት፣ ስሙት። ገና ጌታን ለመፈለግ የጀመራችሁ ደግሞ፣ አዲስ ልብ በዋጋ የሚገዛ አይደለም፤ ለሚለምን የሚሰጥ ነው።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ኃይልህ አልጎደለብንም፤ ቃልህም ከእኛ አልራቀም። በአንተና በሰዎች መካከል የተጋገረብንን አሳየን። ሊነጻ የሚችለውን አንጻ፣ የተበጠሰውን በአዲስ ተካው። በብርድ ዝም ብለው የሚጠብቁትን አንተ አስበህ ለእኛም አሳስበን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።